የሕፃን መድኃኒት ልክ

ሕፃን አካሉ ያነሰ ሰው እንጂ ሌላ ፍጥረት አይደለም የሚለው አሳብ በጥበበ ሕክምና መጻሕፍት ላይ ለብዙ ምእት ዓመታት ሠልጥኖ ስለ ኖረ፣ ለአዋቂ የተፈተነውን መድኃኒት ከፍሎና አሳንሶ ለሕፃን መስጠት ለሐኪሙም ሆነ ለመድኃኒት ቀማሚው ከተራ የማካፈል ሒሳብ የማይበልጥ ሥራ መስሎ ይታይ ነበር። አሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀና ነው፤ በብዙ ስፍራም አገልግሏል። ነገር ግን ሒሳቡ በተሳሳተ ቁጥር ዕዳው የሚወድቀው በሐኪሙ ላይ ሳይሆን አፍ አውጥቶ መናገር በማይችለው በሕፃኑ ላይ ስለ ሆነ፣ ልኩ እንዴት ሲሰላ እንደ ኖረ፣ ስሌቱ በምን ምክንያት እንደ ፈረሰ፣ ከፈረሰም በኋላ ሕፃናቱ እንዴት የታወቀ ልክ አጥተው እንደ ቀሩ በመጠኑ መተረክ ተገቢ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ሕፃናት ደዌ መጻፍ ጥንታዊ ልማድ ነው። የፋርሱ ሊቅ አር ራዚ ከሺህ ዓመት በፊት ስለ ልጆች በሽታ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል፤ የማተሚያ መሣሪያ በአውሮፓ ገና እንደ ተጀመረም የጣልያናዊው የፓዎሎ ባጌላርዶ የሕፃናት ሕክምና መጽሐፍ በ1472 በፓዱዋ ከተማ ታትሟል፤ በ16ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ደግሞ ቶማስ ፌየር የተባለው ሐኪም በእንግሊዝኛ ቋንቋ የራሱን አበርክቷል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በሽታውን በስሙ ቢጠራና መድኃኒቱን ቢያዝም፣ ምን ያህል ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሰጪው እጅና ልማድ ነበር። መድኃኒት ሁሉ ቅጠል፣ ቅርፊትና ሥራ ሥር በነበረበት ዘመን ከዚህ የተሻለ ነገር መጠበቅም አይቻልም፤ ምክንያቱም የአንዱ ጭብጥ ኀይል ከሌላው ጭብጥ ኀይል ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ብልኀት አልነበረም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ ኮሶ አለልን። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦና ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ሲጠጣ የሆድ ትሉን ገድሎ እንደሚያወጣ አባቶቻችንና እናቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ዳሩ ግን የአበባው ኀይል እንደ ዛፉና እንደ መቈያው ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ዘንድሮ የተለቀመው ካምናው ይበረታል፣ ዓምና በትክክል የሠራው ልክም ዘንድሮ ሊያንገላታ ይችላል። በ19ኛው ምእት ዓመት የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት መዝገባቸው በገባ ጊዜ የዚያ አገር ቀማሚዎች በሚዛን ይሰጡት ጀመር፤ ይሁንና ሚዛን የአበባውን ክብደት ይናገር እንደ ሆነ እንጂ በውስጡ ያለውን ኀይል አይናገርም። ከመጠን ያለፈ ኮሶ እስከ ዐይን ብርሃን ድረስ እንደሚጎዳ ደግሞ በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፎ እናገኛለን። እንግዲህ ለአዋቂው እንኳ ልኩ ያልጸና መድኃኒት ለልጅ በሚሰጥበት ጊዜ በግምት ላይ ግምት ይደረብበታል ማለት ነው።

በዚህ የግምት ዘመን ላይ ሥርዐት ለማቆም ከሞከሩት ሰዎች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነው። ያንግ በ1773 ተወልዶ በ1829 ያረፈ፣ ብርሃን በሞገድ ሥርዐት የሚጓዝ መሆኑን በሙከራ ያስረዳ፣ በሮዜታ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውንም የጥንት ግብጻውያን ጽሕፈት ለመፍታት ከፈረንሳዊው ሻምፖልዮን ጋር የተፎካከረ፣ ሙያው ግን ሐኪምነት የሆነ ሁለገብ ሊቅ ነበር። በ1813 ያወጣው ደንብ ይህ ነው፤ የልጁን ዕድሜ በዓመት ቈጥረህ፣ በዚያው ዕድሜ ላይ 12 ደምረህ፣ ፊተኛውን ቁጥር ለኋለኛው ብታካፍለው፣ ከአዋቂው ልክ ለልጁ የሚደርሰውን እጅ ታገኛለህ። ስለዚህም የ4 ዓመት ልጅ 4ን ለ16 በማካፈል የአዋቂውን ሩብ፣ የ12 ዓመቱ ግማሹን፣ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ደግሞ ከ13 አንዱን እጅ ይወስዳል። ከእርሱ በፊት በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ያስተምር የነበረው ጋውቢዩስም ለየዕድሜው የሚገባውን ክፍልፋይ በሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን ሰንጠረዥ ይጠፋል፣ የያንግ ስሌት ግን በአእምሮ ይያዛል፣ ሚዛንም አይፈልግም። ሊቁ በብርሃን ምርምሩ ሲመሰገን ይኖራል፤ ወደ መንደር ሐኪም ዘንድ የዘለቀችው ግን ይህች አጭር ስሌት ናት። የልደት ቀን በጽሑፍ በማይመዘገብበት አገር ዕድሜን ራሱን መገመት ግድ እንደሚሆን፣ ያንጊዜም ስሌቱ በግምት ተጀምሮ በግምት እንደሚያልቅ ግን በዚህ ስፍራ ሳይጠቅሱት ማለፍ አይገባም።

ከያንግ በኋላ ሌሎች ደንቦች ተከታትለው ተነሡ። ካውሊንግ በሚቀጥለው ልደቱ የሚሞላውን ዕድሜ ለ24 ማካፈል ይበቃል አለ፤ ክላርክ ዕድሜን ትቶ ክብደትን በመያዝ፣ የልጁን ክብደት በፓውንድ መዝኖ የአንድ አዋቂ አማካይ ክብደት ነው በተባለው በ150 ማካፈል ይሻላል አለ፤ ፍራይድ ደግሞ ለጨቅላዎች የሚሆን ሲፈልግ ወራቱን ቈጥሮ ለ150 አካፈለ። አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ደንቦች ምን ያህል እንደሚስማሙ ለመመርመር ቢያሻህ አንድ የ4 ዓመት ልጅ፣ ክብደቱ 16 ኪሎ ግራም የሆነ፣ በአሳብህ ፊትህ አቁመው። በያንግ ደንብ የአዋቂውን 25 ከመቶ፣ በካውሊንግ ደንብ 21 ከመቶ ያህል፣ በክላርክ ደንብ 23 ከመቶ ያህል ይደርሰዋል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ደንብ አውጪዎቹም በመስማማታቸው እርስ በርሳቸው የተመሰካከሩ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። በእውነቱ ግን ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ነበሩ፤ ልጁን ራሱን የጠየቀ፣ ማለት በልጁ ደም ውስጥ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚቈይ የመረመረ ከመካከላቸው አንድ ስንኳ አልነበረም።

ሊቃውንቱ በክፍልፋይ ሲከራከሩ ታዲያ አብዛኛው ሕፃን መድኃኒቱን የሚያገኘው ከሐኪም ዘንድ ሳይሆን ከሱቅ ነበር። በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች እናቶች ማልደው ወደ ሥራ ሲወጡ፣ የሚቀሩት ሕፃናት ጸጥ ብለው እንዲውሉ የጎድፍሪ መጠጥ የተባለ፣ ኦፒየም ከጣፋጭ ወፍራም ጭማቂ ጋር የተዋሐደበት ነገር ይሰጣቸው ነበር። አቀማመሙ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ደግሞም ኦፒየሙ ከጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጥ የመጀመሪያው ማንኪያ ልል፣ የመጨረሻው ብርቱ ይሆናል፤ ሳያንቀላፋ የማያርፈው ሕፃን አንዳንድ ጊዜ አንቀላፍቶ የሚቀረው ስለዚህ ነው። በአሜሪካም በሜይን ግዛት በባንጎር ከተማ ከ1849 ጀምሮ የሚስዝ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ በሚል ስም ሞርፊን ያለበት መድኃኒት ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ሲሸጥ ኖረ፤ በውስጡ ምን እንዳለ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ያስገደደው የ1906 ሕግ ከወጣ በኋላ ነው ገዢው ምን እንደሚገዛ ያወቀው፤ በ1911ም የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ከሕፃናት ገዳዮች ጋር መደበው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሐኪሞችም የተባበሩበት ነገር ነው። ከባዜቃ የሚሠራው ካሎሜል ለትልና ለድርቀት፣ በዱቄት መልክ ደግሞ ለጥርስ ማብቀያ ተብሎ በሰፊው ሲታደል፣ እጅና እግራቸው በርበሬ የመሰለ፣ ብርሃን የሚጠሉ፣ ከሥቃይ የተነሣ ዕረፍት የሌላቸው ሕፃናት በየሆስፒታሉ ይታዩ ጀመር፤ በሽታውም ለብዙ ዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ በሐምራዊ ቀለሙ ብቻ ሲጠራ ኖረ። በሲንሲናቲ ከተማ የሚሠራው ዮሴፍ ዋርካኒ በ1940ዎቹ ዓመታት የእነዚህን ልጆች ሽንት አስመርምሮ ባዜቃ አገኘበት፤ በ1954 የእንግሊዝ ሠሪዎች ከጥርስ ዱቄታቸው ውስጥ ባዜቃውን ባወጡት ጊዜም በሽታው እየመነመነ ጠፋ። በዚህ ነገር ውስጥ የሚያስገርመው ባዜቃውን የቀመሰው ሕፃን ሁሉ አለመታመሙ ነው፤ ከብዙዎች መካከል አንዱ ብቻ መታመሙ እውነቱን ሸፍኖት ኖረ።

በ1937 መከር በአሜሪካ የሆነው ደግሞ ከልክም በፊት ሊጠየቅ የሚገባ ነገር እንዳለ አስተማረ። ሰልፋኒላማይድ የተባለው መድኃኒት በክኒንና በዱቄት ሲሰጥ ለጉሮሮና ለሌሎችም ቍስሎች ብርቱ ፈዋሽ መሆኑ ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን ክኒን መዋጥ የማይችሉ ልጆች ስላሉ በቴነሲ ግዛት በብሪስቶል ከተማ የነበረው የማሰንጊል ኩባንያ በፈሳሽ መልክ እንዲሠራ ተፈለገ። የኩባንያው ኬሚስት መድኃኒቱ ዳይኤቲሊን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ ውስጥ እንደሚሟሟ አገኘ፤ በእንጆሪ መሰል ፍሬ ጣዕምም አጣፈጠው፤ መዓዛው፣ መልኩና ጣዕሙ ተፈተነ፤ መርዛምነቱን ግን ማንም አልፈተነውም፤ ሕጉም ፈትኑ አይልም ነበር። ፈሳሹ ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ስለ ነበር ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ውስጥ 34ቱ ልጆች ነበሩ። መንግሥት ጠርሙሱን ከየሱቁና ከየቤቱ ለመሰብሰብ መርማሪዎቹን ሁሉ ባሰማራ ጊዜ፣ በእጁ የነበረው ሕጋዊ ምክንያት ሰው መግደሉ ሳይሆን በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስያሜ ከይዘቱ ጋር አለመስማማቱ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1938 መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይመስከር የሚለው ዐዋጅ ወጣ። ልብ በሉ፤ ለልጅ እንዲመች ተብሎ በተሠራ ሽሮፕ ልጆች ስለ ሞቱ የወጣው ይህ ሕግ ስለ ልጆች ለብቻው የሚለው ነገር አልነበረም።

በዚሁ መካከል የስሌቱ ሥራ በሌላ መንገድ ቀጠለ። ጀርመናዊው ማክስ ሩብነር በ1883 ትናንሽና ትላልቅ ውሾችን መዝኖና ሙቀታቸውን ለክቶ፣ አካል የሚያወጣው ሙቀት ከክብደቱ ይልቅ ከቆዳው ስፋት ጋር የሚሄድ መሆኑን ጽፎ ነበር፤ ትንሽ አካል ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ሰፊ ቆዳ አለውና። ይህን አሳብ ይዘው ክሮፎርድ፣ ቴሪና ሩርክ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1950 የመድኃኒት ልክም በቆዳ ስፋት ቢሰላ ይሻላል ብለው አሳተሙ። የአዋቂው ስፋት 1.73 ሜትር ካሬ ተብሎ ሲወሰድ፣ ቀድሞ በአሳባችን ያቆምነው የ16 ኪሎው ልጅ 0.68 ሜትር ካሬ ያህል ስለሚሆነው የአዋቂውን 39 ከመቶ ይወስዳል ማለት ነው፤ ይህም ካውሊንግ ከሚፈቅድለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። አንድ ልጅ፣ አንድ መድኃኒት፣ ግን ስሌቱን በሠራው ሐኪም ምርጫ እጥፍ የሚለያይ ልክ! የትኛው ትክክል ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከሒሳብ መጽሐፍ ሊያገኘው አልቻለም፤ መልሱ የተገኘውም እጅግ በሚያሳዝን መንገድ ነው።

ክሎራምፌኒኮል በ1940ዎቹ መጨረሻ ከቬኔዝዌላ አፈር ከተገኘ ረቂቅ ሕዋስ የወጣ፣ ለታይፎይድና ለታይፈስ ተአምር የመሰለ ፈውስ ያስገኘ፣ በአገራችንም ሐኪም ቤት ሁሉ ስሙ የታወቀ መድኃኒት ነው። የእንሽርት ውሃ አስቀድሞ ፈስሶ ከቈየ በኋላ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት በደም መመረዝ ስለሚያዙ፣ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሳይታመሙ በፊት ይህን መድኃኒት እንዲወስዱ ያደርጉ ጀመር፤ ልኩም ለትልልቆቹ ልጆች ከሚሰጠው ከኪሎ ግራም በኪሎ ግራም ተሰልቶ የተወሰደ፣ አንዳንዴም ከዚያ ከፍ ያለ፣ በቀን ለኪሎ ከ100 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ነበር። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ግን ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ወተት እንቢ ይላሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ ገላቸው አመድ ይመስላል፣ ከዚያም በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ይህን የዚያው የደም መመረዝ ምልክት ነው ብለው ስላመኑ መድኃኒቱን አላቆሙም።

ነገሩን የገለጠው በሎስ አንጀለስ የአውራጃው ሆስፒታል የሚሠሩት በርንስ፣ ሆጅማንና ካስ በ1959 ያሳተሙት ምርመራ ነው። ሕፃናቱን በአራት ወገን ከፈሏቸው፤ ምንም መድኃኒት ያልወሰዱት፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የወሰዱት፣ ክሎራምፌኒኮል ብቻ የወሰዱት፣ ሦስቱንም የወሰዱት። ምንም ካልወሰዱት ከመቶ 19 ያህሉ ሞቱ፤ ከሁለተኛው ወገን 18 ያህሉ፤ ክሎራምፌኒኮል ከወሰዱት ግን 60 ያህሉ፣ ሦስቱንም ከወሰዱት 68 ያህሉ ሞቱ። ያለ መድኃኒት የተተዉት በክሎራምፌኒኮል ከታከሙት ይልቅ መዳናቸውን ይህ ቁጥር ባይናገር ኖሮ፣ በየአገሩ ስንት ሐኪም በቅን ልቡና ሲገድል እንደሚኖር እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ እንደሚመስለኝ በሕፃናት ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የሰጠ ሰንጠረዥ የለም፤ ምክንያቱም መድኃኒት ያልተሰጠው ወገን በምርመራው ውስጥ ባይኖር ኖሮ የተቀሩት ሦስቱ ይህን ያህል ሊናገሩ አይችሉም ነበር።

ምሥጢሩ ጉበት ላይ ነበር። ክሎራምፌኒኮል ከሰውነት የሚወጣው በጉበት ውስጥ ከአንድ አሲድ ጋር ተጋጥሞ ከተለወጠ በኋላ ሲሆን፣ ይህን የሚያጋጥመው የጉበት ኀይል በአራስ ሕፃን ገና አልጸናም፤ ገና ያልተወቀረ ወፍጮ ላይ እህል እንደሚከመር መድኃኒቱም ሳይለወጥ በደም ውስጥ ይከማቻል። በትልቅ ልጅ ደም ውስጥ የመድኃኒቱ እኩሌታ በ4 ሰዓት ገደማ ሲወገድ፣ በተወለደ በአንድና በሁለት ቀኑ ሕፃን ግን ከ24 ሰዓት በላይ እንደሚፈልግ በ1960 ተለክቶ ታወቀ። ኩላሊትም እንዲሁ ነው፤ ሲወለድ ደካማ ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይበረታል። ከአራስ ሕፃን ሰውነት ደግሞ ከመቶ 75 ያህሉ ውሃ ሲሆን የአዋቂው 60 ያህል ስለ ሆነ፣ በውሃ የሚሟሟ መድኃኒት በሕፃኑ ዘንድ ሰፋ ብሎ ይበተናል። ከዚህም የተነሣ ልኩ አንዳንዴ እጅግ ማነስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለኪሎ ሲሰላ ከአዋቂው መብለጥ አለበት፤ ለአስም የሚሰጠውን ቴኦፊሊን የ5 ዓመት ልጅ ከአባቱ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያስወግደው በኪሎ የሚደርሰው ከአባቱ ይበልጣል። ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃን፣ የአንድ ወር ጨቅላውንና የ5 ዓመቱን ልጅ በአንድ ክፍልፋይ ማሰር እንግዲህ ምን ያህል ከንቱ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ይህ ትምህርት በተገኘ በሁለት ዓመቱ፣ በ1961፣ እርጉዝ እናቶች ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ የወሰዱት ታሊዶማይድ እጅና እግር የጎደላቸው ልጆች እንዲወለዱ ምክንያት መሆኑ ታወቀ፤ ከ10,000 በላይ የሚሆኑ ሕፃናት እንደ ተጎዱም ይገመታል። አሜሪካም በ1962 ማንኛውም መድኃኒት መጥቀሙንና አለመጉዳቱን በጥንቁቅ ምርመራ ሳያስመሰክር አይሸጥም የሚል ሕግ አወጣች። ሕጉ መልካም ነበር፤ ከመልካሙ ሕግ የወጣው ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ሠሪዎቹ በአዋቂዎች ላይ መርምረው ፈቃዱን ከተቀበሉ በኋላ፣ በልጆች ላይ መመርመር ወጪውም ጣጣውም ብዙ ስለ ሆነባቸው፣ በማሸጊያው ላይ ለልጆች ደኅንነቱ አልተረጋገጠም የሚል ዐረፍተ ነገር ጽፈው መገላገልን መረጡ። በዚህ ሁኔታ ሕፃናትን ሊጠብቅ የወጣው ሕግ ሕፃናትን ከጥቅሙ አወጣቸው፤ ሐኪሙም የታመመ ልጅ ፊቱ ሲቀርብ ወይ ያለ መድኃኒት ሊመልሰው፣ ወይም እንደ ያንግ ዘመን ገምቶ ሊሰጠው ተገደደ። ሃሪ ሸርኪ የተባለው አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1968 እነዚህን ልጆች የሕክምና እጓለ ማውታዎች ብሎ ጠራቸው።

እጓለ ማውታነቱ በመጻሕፍት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም፤ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ይታይ ነበር። ለልጅ የሚሆን ክኒን ስለማይሠራ ባለመድኃኒቱ የአዋቂውን ክኒን በሙቀጫ ይፈጨዋል፣ በግምት ይከፍለዋል፣ በወረቀት ይጠቀልለዋል፤ እናት ደግሞ ሽሮፑን በወጥ ማንኪያ ወይም በሻይ ማንኪያ ትሰፍራለች፤ ማንኪያ ሁሉ 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይመስላታል፤ አይደለም። አሜሪካ ውስጥም ለጨቅላ የሚንጠባጠበው ፓራሲታሞል ለትልልቅ ልጆች ከሚሰጠው ሽሮፕ ሦስት እጥፍ የበረታ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ፣ ወላጆች የአንዱን ልክ በሌላው እየሰፈሩ ሕፃናትን ይጎዱ ነበር፤ ሠሪዎቹ ብርቱውን ትተው ሁለቱን እኩል ለማድረግ የተስማሙት በ2011 ነው። መድኃኒትን ማጣፈጥም የራሱ ጣጣ አለው። ልጆች እንዲወዱት ተብሎ የጣፈጠው የአስፕሪን ክኒን ከረሜላ መስሏቸው ጠርሙሱን የጨረሱት ልጆች ስለ በዙ፣ የልጅ እጅ የማይከፍተው ክዳን በ1970 በሕግ ታዘዘ።

እጓለ ማውታዎቹን ወደ ቤት የመለሳቸው በመጨረሻ ርኅራኄ ሳይሆን ጥቅም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። አሜሪካ በ1997 መድኃኒቱን በልጆች ላይ ለሚመረምር ኩባንያ ብቻውን የሚሸጥበት የ6 ወር ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ደነገገች፤ ለ30 ዓመት ሲለመኑ እንቢ ያሉት ኩባንያዎችም ወዲያው ምርመራውን ጀመሩ። በ2003 ማትጊያው ላይ ግዴታ ተጨመረ፤ አውሮፓም በ2007 የራሷን ደንብ ሥራ ላይ አዋለች። ሕፃን ፈቃዱን መስጠት ስለማይችል በእርሱ ላይ ምርመራ ማድረግ ኀጢአት ነው የሚሉ ነበሩ፤ አሳባቸው ከክብር የመነጨ መሆኑን ባልክድም፣ ያልተመረመረ መድኃኒት መስጠት ራሱ ስም የሌለው፣ መዝገብ የሌለውና ትምህርት የማይገኝበት ምርመራ ስለ ሆነ ሙግታቸው አይረታኝም። በዚሁ በ2007 የዓለም የጤና ድርጅት ለሕፃናት ብቻ የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣ፤ በውሃ የሚሟሙ ለልጅ የተመጠኑ ክኒኖችም ከዚያ ወዲህ እየበዙ መጡ።

አሁን በአገራችን የጤና ኬላ ገብቶ የሚመለከት ሰው የያንግ ደንብ በሌላ ልብስ የተመለሰ ሊመስለው ይችላል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ ከ6 ወር በታች ለሆነው 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ቫይታሚን ኤ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000 መለኪያ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት 200,000 ነው። ስሌት የለውም፣ ሚዛንም አይፈልግም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን ኦንኮሰርኪያሲስ ለመከላከል አይቨርሜክቲን ሲታደልም ሰዉ በቁመት መለኪያ ዘንግ ፊት ይቆማል፤ ከ90 እስከ 119 ሴንቲ ሜትር የሆነው አንድ ክኒን፣ ከ120 እስከ 140 የሆነው ሁለት፣ እያለ እስከ አራት ይወስዳል፤ 90 ያልሞላው አይሰጠውም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የያንግ ክፍልፋይ በወንበር ላይ የታሰበ ሲሆን፣ የዘንጉ ምልክቶች ግን መድኃኒቱ በብዙ ሰዎች ተሰጥቶ፣ ውጤቱና ጉዳቱ ከተመዘገበ በኋላ የተቀረጹ ናቸው።

ዘንጉ ግን የሚያስቀራቸውም አሉ። ቢልሃርዚያን የሚፈውሰው ፕራዚኳንቴል በ1970ዎቹ ተገኝቶ፣ ውሎ አድሮ ለትምህርት ቤት ልጆችና ለአዋቂዎች በቁመት ዘንግ ይታደል ጀመር፤ ዘንጉ የሚጀምረው ከ94 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክኒኑ ትልቅና እጅግ መራራ ከመሆኑም በላይ በጨቅላዎች ላይ የተመረመረ ልክ ስላልነበረው፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር የሚያድጉ፣ ከእናታቸው ጋር በዚያው ውሃ የሚታጠቡ ሕፃናት ትሉን ተሸክመው ቁመታቸው እስኪደርስ እንዲጠብቁ ተፈርዶባቸው ኖረ። ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ለሆኑት ሕፃናት ተመጥኖ የተሠራው፣ በውሃ የሚሟሟውና መራራነቱ የተቀነሰለት አርፕራዚኳንቴል የአውሮፓን የመድኃኒት ባለሥልጣን መልካም ምስክርነት ያገኘው በታኅሣሥ 2023፣ ታላላቆቻቸው መድኃኒቱን ካገኙ ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።